የጉድጓዱ አሥራ ሦስት ሰዎች

በመስከረም ማለቂያ፣ አንድ እሑድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ትምህርት ቤት ዲሬክተር መምህር ቀለመ ወርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ካለች ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ። ዓመቱ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ነበር። ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ የዘውድ በዓል በሚከበርበት ቀን፣ በትምህርት ቤቱ ትልቅ ክፍል ግድግዳ ላይ የከተማው የድሮ ፎቶግራፎች እንደሚሰቀሉ ተናገረ። እያንዳንዱ ሰፈር ያለውን ያምጣ አለ።

«ከየፎቶው ሥር ስምና ሥራ ይጻፋል። ልጆቹ ይህቺ ከተማ በማን እጅ እንደቆመች ይወቁ።»

ከፊት ቆመው የነበሩት ባላምባራስ አዳነ ዘወር ብለው ሕዝቡን አዩ። «ከላይ ሰፈር እንኳ ብዙ ይገኛል። ከታች ግን ምን ይመጣል ብለህ ነው? ድር ሜዳ ያለው ድርና ማግ ነው» አሉ። ጥቂት ሰው ሳቀ።

«ባላምባራስ» አለች አንዲት ሴት ከሴቶቹ መካከል፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ። «በእኔ ቤት በሣጥን ውስጥ ሁለት መቶ አርባ ጥላ ተቀምጧል። እርስዎም አሉበት፤ ሪዝዎ ገና ሳያምር የተነሱት።»

አሁን ሳቁ ወደ ባላምባራስ ዞረ። እሳቸውም ኩታቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ፈገግታቸውን ደበቁ።

ይህን ያለችው ታንጉት ናት። ዕድሜዋ ሃምሳን ሊነካ ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ እስከ አርብ ገበያ «ባለ ሣጥኗ» ሲሉ የማያውቃት አልነበረም። ባሏ ጓዴ በጠላት ዘመን ጎንደር ከተማ ለአንድ ጣልያናዊ ፎቶ አንሺ ውሃ ቀጂ ሆኖ ገብቶ፣ አራት ዓመት ውሃ ሲቀዳ ሥራውን በዓይኑ ሰርቆ ተማረ። ጣልያን ተሸንፎ ሲወጣ ሰውየው ሣጥኑን ጥሎለት ሄደ። ጓዴ ያንን በሦስት እግር የሚቆም የእንጨት ሣጥን በአህያ ጭኖ ወደ ተወለደበት ወደ ድር ሜዳ ተመለሰ፤ በዓመቱ ታንጉትን አገባ።

ሣጥኑ ማንሻም ማጠቢያም ነው። ከኋላው በተሰፋ ጥቁር እጅጌ እጅ ይገባል፤ ውስጡ ሁለት ሳህን መድኃኒት ተቀምጧል። መጀመሪያ የሚወጣው ወረቀት ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ የሆነበት ነው። የሰፈሩ ሰው ይህን «ጥላ» ይለዋል። ጥላው ከሣጥኑ ፊት ተለጥፎ እንደገና ሲነሳ እውነተኛው መልክ ይወጣል። ፎቶውን ባለቤቱ ይዞ ይሄዳል፤ ጥላው ከፎቶ አንሺው ዘንድ ይቀራል። ሌላው ቢሆን ይጥለው ነበር። ጓዴ ግን አንድም አልጣለ።

ታንጉት መጀመሪያ ወረቀት ታጥብ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላት እጇን ወደ እጅጌው አስገባች፤ በአምስተኛው ዓመት ባሏ ታሞ በተኛበት ጊዜ ሠርግ ሄዳ ሙሽሮቹን አንስታ ተመለሰች። በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጓዴን ተስቦ ሲወስደው፣ ተዝካሩን እንዳወጣች ሣጥኑን ጭና ገበያ ወረደች። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው የተሰበሰበው ሴት ስታነሳ ለማየት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ለመነሳት ተሰለፈ።

ድር ሜዳ ከከተማው በታች፣ መሬቱ ወደ ወንዙ ከማዘንበሉ በፊት ያለው ሰፈር ነው። ሸማኔዎቹ ጠዋት ጠዋት ካስማ ተክለው ድራቸውን ከዳር እስከ ዳር ስለሚዘረጉ ስሙ ከዚያ ወጣ። ጫፉ ላይ ሁለት አንጥረኞችና ጥቂት ቆዳ ፋቂዎች አሉ። ያን ጊዜ የላይ ሰፈር ሰው የነሱን ሸማ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ የነሱን ማረሻ ይዞ ያርሳል፤ ከነሱ ጋር በአንድ ዋንጫ ግን አይጠጣም። ባለ እጅ ይላቸዋል። ታንጉት የሸማኔ ልጅ ናት፤ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ አንድም ቀን ግን አንገቷን አስደፍቷት አያውቅም።

በማግሥቱ ሰኞ ሣጥኗን ከፍታ ጸሐይ ላይ ሰሌን አንጥፋ ጥላዎቹን ደረደረቻቸው። ከሁለት መቶ አርባው ሃያ ስድስት መረጠች። አንጥረኛው ወናፉን ሲነፋ። አሥር ሴቶች በአንድ ዛፍ ሥር ሲፈትሉ። ቆዳ ፋቂዎቹ የከበሮ ቆዳ ሲወጥሩ፤ ያ ከበሮ ዛሬም ለቤተ ክርስቲያኑ ማኅሌት ይመታል። እነዚህን አንድ በአንድ እያነሳች፣ እያጠበች፣ በገመድ ላይ ሰቀለቻቸው። ስማቸውን የሚነግራት ሰው ግን ያስፈልጋት ነበር፤ እሷ ራሷ ግማሾቹን በቅጽል ስማቸው እንጂ አታውቃቸውም።

ለዚህ ከአያ ፈንታ የተሻለ አልነበረም። አያ ፈንታ ስልሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ የሰፈሩ አውራ ሸማኔ፣ የጽዋ ማኅበሩም መሪ፣ ሙሴ ናቸው። ዓይናቸው ገና አልደከመም። ታንጉት ፎቶዎቹን በሞሰብ ክዳን ላይ ደርድራ ስታቀርብላቸው፣ እግራቸው ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ ሳይወጣ አንድ በአንድ እያነሱ ስም መጥራት ጀመሩ። ይህ የእከሌ ልጅ ነው፤ ይህቺ በኩፍኝ ልጆቿን ያጣችው ናት፤ ይኸ ወደ ጎንደር ተሰዶ እዚያው ቀረ። ታንጉት ከቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ የለቀመቻትን ፊደል ይዛ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፈች። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር። አያ ፈንታ ሲስቁ ጉልበታቸውን ይመታሉ፤ ያን ቀን ጉልበታቸው ብዙ ተመታ።

ሃያ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ፎቶውን መልሰው ከክዳኑ ላይ አኖሩት።

ፎቶው የሠላሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነበር። ያኔ ከተማው የሚቀዳው ከላይ ሰፈር ምንጭ ነው፤ ምንጩ የሚገኘውም በባላምባራስ አዳነ አባት መሬት ላይ ነበር። አንድ ዓመት ዝናቡ ሲያጥር አባትየው ባለ እጅ ከምንጩ አይቀዳም፤ ከፈለገ ከብት ከጠጣ በኋላ ከገንዳው ይቅዳ አሉ። የድር ሜዳ ሰው ሽማግሌ ላከ፤ አልተሰማም። ከዚያ በኋላ አልለመኑም። ከመካከላቸው አሥራ ሦስት ወንዶች ተነስተው በሰፈሩ መሐል ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ። ከጥር እስከ ግንቦት ቆፈሩ። በአሥራ ሁለት ክንድ ላይ አለት ገጠማቸው፤ አለቱን ሰብረው በሃያ ሁለት ክንድ ላይ ውሃ አገኙ። ጓዴ የዚያን ዕለት ሣጥኑን አቁሞ አነሳቸው፤ ታንጉት ደግሞ ጸሐይ እንዳይገባበት ጨርቁን ይዛ ነበር። አሥራ ሦስቱም በጭቃ ተለውሰው፣ አንዳቸው የሌላውን ትከሻ ይዘው ቆመዋል። መሐል ላይ፣ በረጅም ዲጅኖ ተደግፎ ከሁሉም ይልቅ ጥርሱን ገልጦ የሚስቀው ባዩ ነው። ከባዩ ጎን፣ ገመድ በክንዳቸው ጠቅልለው የቆሙት ደግሞ ጎልማሳው ፈንታ ናቸው።

«ይህን ሰው ቆርጠሽ አውጪው» አሉ አያ ፈንታ።

ታንጉት ለምን አላለችም። ምክንያቱን ድር ሜዳ ሁሉ ያውቀዋል። በጠላት ጊዜ የአያ ፈንታ ታናሽ ወንድም ገብሬ ለአርበኞች ጥይት ያቀብል ነበር። ሲፈለግ ከወንድሙ ቤት፣ ከሸማ መሥሪያው ሥር ባለው የእግር ጉድጓድ ውስጥ ተደበቀ፤ ላዩ በድርና በጨርቅ ተሸፈነ። ወታደሮች በጠራራ ጸሐይ መጥተው፣ ሌላ ቤት ሳይነኩ፣ በቀጥታ ያንን ጉድጓድ ገልጠው አወጡት። በሦስተኛው ቀን በገበያው መሐል ሰቀሉት። የጠቆመው ማን እንደሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ አልታወቀም። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ባለቀ በዓመቱ፣ በዐቢይ ጾም፣ ባዩ ራሱ ድንጋይ ተሸክሞ አያ ፈንታ ደጅ መጥቶ ወደቀ። ገበያ ላይ ተይዞ ሁለት ቀን ከተገረፈ በኋላ የተናገረው እሱ እንደሆነ በሽማግሌዎች ፊት ተናዘዘ። አያ ፈንታ ድንጋዩን አላወረዱለትም። «ዳግመኛ እንዳላይህ» ብለው በሩን ዘጉ። ባዩ ሚስቱንና የአምስት ዓመት ልጁን ትቶ ወደ ስማዳ ወረደ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም እዚያው ሞተ።

«ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አሉ አያ ፈንታ፣ ፎቶውን በጣታቸው እየገፉ። «አለቱ ጋ ስንደርስ ጉድጓዱ ሽታ አመጣ፤ ሰው ፈራ። እሱ ብቻ እወርዳለሁ አለ። አሥራ ሰባት ቀን ወገቡን አስሬ አወረድኩት፤ አሥራ ሰባት ቀን ጎትቼ አወጣሁት። ባውቅ ኖሮ እለቀው ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አያ ፈንታ።»

«እንግዲያስ አውጪው። ካልሆነ የእኔንም ስም ከሁሉም ላይ ሰርዢው።»

ታንጉት ፎቶዎቹን ሰብስባ ወጣች። 

በማግሥቱ ማለዳ ደግሞ ይታይሽ መጣች። ይታይሽ የባዩ ልጅ ናት፤ ሠላሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ እጀ ቀጭን ፈታይ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማትቀላቀል ሴት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከባሏና ከአንዲት ልጇ ጋር በሰፈሩ ዳር ትኖራለች። ወሬው ሌላ ቦታ ሳይደርስ እሷ ጋ ደርሶ ኖሯል።

«እትየ ታንጉት፣ የአባቴ ፎቶ አለዎት አሉ።»

«አለኝ። ልታዪው ትፈልጊያለሽ?»

ይታይሽ ራሷን ነቀነቀች። «አይ። እንዳይሰቅሉት ልለምንዎ ነው የመጣሁ። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። እስካሁን ማንም ምንም አላላትም። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ግን አያትሽ ማነው ብለው ይጠይቋታል። እኔ በልጅነቴ ውሃ ስቀዳ ምን እንደተባልኩ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ከየትኛው ጉድጓድ?»

«ከዚሁ ከእኛው ነዋ።»

ታንጉት ወደ ጉድጓዱ አየች። «አስቤበት እነግርሻለሁ» ብላ ሸኘቻት።

የሚገርመው ሁለቱ፣ የሟች ወንድምና የጠቋሚ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ቃል ተለዋውጠው የማያውቁት፣ አሁን አንድ ነገር መፈለጋቸው ነው። ታንጉት ሣጥኗን ደጃፏ ላይ አቁማ ያንን ጥላ ከፊቱ ለጠፈችው። ሰው ማጥፋት ለሷ ከባድ ሥራ አይደለም። ከጥቁር ወረቀት አውራ ጣት የምታህል ቆርጣ በባዩ መልክ ላይ አኖረች፤ ሌላ ረዘም ያለ ቆርጣ በገላው ላይ ደረበች። አንስታ አጥባ ተመለከተችው። አሥራ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ መሐላቸው ነጭ ክፍተት አለ። የአያ ፈንታ ክንድ ባዶ ነገር አቅፏል። የገመዱ ጫፍ ወደ የትም አይደርስም። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ጓዴ ራሱ ቢሆን ከዚህ የተሻለ አያወጣውም። ግን የተነሳው ቀን ይህ አልነበረም። ያን ቀን ጨርቅ ይዛ ቆማ ነበርና ታውቀዋለች።

ወረቀቱን በውሃው ባልዲ ውስጥ ጣለችውና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አያ ፈንታ ቤት ሄደች።

አያ ፈንታ መወርወሪያቸውን ሳያቆሙ «አወጣሽው?» አሉ።

«አላወጣሁትም። አላወጣውምም።»

መወርወሪያው ቆመ።

«አያ ፈንታ፣ ይስሙኝ። እሱን ካወጣሁ አለቱን ማን ሰበረው ልበል? እርስዎ ነዎት ልበል? ደግሞስ እሱን ሳወጣ ገብሬን ማን እንደጠቆመው አብሬ አወጣለሁ። ልጆቹ ያቺን ጉድጓድ ቆፍረው ደስ ያላቸው አሥራ ሁለት ሰዎች ነበሩ ብለው ይሄዳሉ። ገብሬንም አይሰሙ፤ ባዩንም አይሰሙ። እኔ ሁለቱንም እጽፋለሁ። አለቱን የሰበረ እሱ ነው፤ በግርፋት ተሸንፎ ገብሬን የጠቆመም እሱ ነው፤ መጥቶ የተናዘዘም እሱ ነው።»

አያ ፈንታ ድሩን በመዳፋቸው አሻሹ። በኋላ ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ትናንቱ አልነበረም።

«ገብሬስ የት አለ?» አሉ። «ያ ሰው ጥርሱን ገልጦ ይሰቀላል። ወንድሜ ግን አንድ ፎቶ የለውም። ጓዴ ሣጥኑን ይዞ ሲመጣ እሱ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መልኩን ከእኔ በቀር አጥርቶ የሚያስታውስ የለም፤ እኔም ስሞት ያልቃል። የከፋኝ ይኸ ነው፣ ታንጉት።»

ታንጉት ይህን አላሰበችውም ነበር። በመደቡ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ስድስት ፎቶ ስትመርጥ ያለውን እንጂ የሌለውን አልቆጠረችም።

«እናንተን ወንድማማቾቹን ሰው ይለያችሁ ነበር?» አለች ኋላ ላይ።

«እኛን? እናታችን እንኳ ከኋላ ስታየን ትሳሳት ነበር። እሱ ትንሽ ቀጠን ይላል እንጂ።»

«ከሱ የቀረ ዕቃ አለ?»

አያ ፈንታ ከራስጌ ካለው የቆዳ ማኅደር ውስጥ አንድ መወርወሪያ አወጡ፤ ከብዙ መያዝ የተነሳ ጎኑ የለሰለሰ የወይራ መወርወሪያ። የገብሬ ነበር። እሳቸው አልሠሩበትም፤ ለማንም አልሰጡም።

«ነገ ጸሐይ ከፍ ሳይል ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጡ፤ ይኸን ይያዙ። አነሳዎታለሁ። ከሥሩ የገብሬን ስም እጽፋለሁ፤ መልኩ ይህን ይመስል ነበር እላለሁ። ከዚያኛው ፎቶ ጎን፣ እኩል ከፍታ ላይ ይሰቀላል።»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ። እሱ የሞተው በሃያ ስምንት ዓመቱ ነው።»

«ይሁን። ቢኖር እንዲህ ይሆን ነበር።»

አያ ፈንታ መወርወሪያውን እያገላበጡ አዩት። በማግሥቱ ጠዋት ነጭ ሸማቸውን ለብሰው፣ ፂማቸውን አስተካክለው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ታንጉት ሣጥኑን አስተካክላ ክዳኑን ከፈተችና እስክትቆጥር ድረስ እንዳይንቀሳቀሱ ነገረቻቸው። አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸውም አልተርገበገበም። ፎቶው ሲታጠብ እሷ ራሷ ለጥቂት ጊዜ ከእጇ አላወረደችውም፤ ብዙ ፎቶ አንስታለች፤ እንዲህ ያለ ግን አንስታ አታውቅም።

የቀረችው ይታይሽ ናት። ታንጉት ሙሉውን ፎቶ ይዛ ቤቷ ሄደች። ይታይሽ እንዝርቷን ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ታንጉት ፎቶውን ጭኗ ላይ አኖረችላት።

ይታይሽ መጀመሪያ ዓይኗን አሸሸች፤ ኋላ ግን አየችው። አባቷን ካየችው ሃያ አራት ዓመት አልፏታል። እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ።

«ምን ይስቃል?» አለች ቀስ ብላ።

«ውሃ ወጣልን ብሎ ነዋ። አለቱን የሰበረው እሱ እኮ ነው። አሥራ ሰባት ቀን ብቻውን ወርዶ።»

«ይህን ማንም አልነገረኝም።»

«እኔም አልነገርኩሽም። የኔም ጥፋት ነው።»

ይታይሽ ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ የያዘውን ዲጅኖ፣ በጭቃ የተለወሰውን እጁን መረመረች። «እናቴ የምትለኝ አንድ ነገር ነበር፤ አባትሽ ክፉ ሰው አልነበረም ትለኝ ነበር። የምትዋሸኝ ይመስለኝ ነበር» አለች። ቆየት ብላም፣ «ሁለቱም የሚጻፍ ከሆነ ይሰቀል። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን፣ ክፉውም ይሁን ደጉ፣ እኔ ራሴ መጥቼ እቀደዋለሁ» አለች።

«ሁለቱም ይጻፋል» አለች ታንጉት።

መምህር ቀለመ ወርቅ ጽሕፈቱን ሲሰማ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። የእጅ ጽሕፈቱ ያማረ፣ አሳቡም ቅን ሰው ነው፤ ግን የበዓሉ ነገር አሳሰበው።

«ወይዘሮ ታንጉት፣ የዘውድ በዓል ነው እኮ። እንግዶች ይመጣሉ። የተሰቀለ፣ የጠቆመ፣ ውሃ የተከለከለ፣ ይህ ሁሉ በአንድ ግድግዳ ላይ?»

«እርስዎ ራስዎ ድንጋዩ ላይ ቆመው ስምና ሥራ አሉ። ይህ ስምና ሥራ ነው። ውሸት አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲያስ ይጻፉ፤ እኔ እጠራለሁ።»

ጻፈ። አንድ ፊደል ሳይጎድል፣ በቀይና በጥቁር ቀለም፣ እንደ ብራና ጽሕፈት አሳምሮ ጻፈው።

ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ሞላ። በአንደኛው ግድግዳ የላይ ሰፈር ጎፈርና ጋሻ፣ ካባና በቅሎ ተደርድሯል። በሌላኛው ድር ሜዳ አለ፤ ወናፍ፣ እንዝርት፣ የከበሮ ቆዳ። ሰው መጀመሪያ ወደ ጎፈሩ ሄደ፤ ጥቂት ሳይቆይ ግን ወደ ድር ሜዳ ግድግዳ ዞሮ እዚያው ቀረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እዚያ ያሉት ፊቶች ብዙ ነበሩና ሁሉም የራሱን ሰው ይፈልግ ነበር። «ይቺ አክስቴ ናት» ይላል አንዱ። «ይህን ማረሻ እኔ ነኝ ያሠራሁት» ይላል ሌላው፤ የላይ ሰፈር ገበሬ።

ማንበብ የማይችለው ብዙ ስለሆነ የሚያነብለት አስፈለገ። መምህር ቀለመ ወርቅ ከጎፈሩ ግድግዳ አልተላቀቀም፤ እንግዶች ይዘውታል። ታንጉት ልታነብ ስትነሳ ይታይሽ ቀድማት ከፎቶው ጎን ቆመች። ማንበብ አትችልም፤ ግን ቃሉን አስነብባ በቃሏ ይዛው ኖሯል። ጣቷን እያሳየች የአሥራ ሦስቱንም ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጠራች። መሐል ላይ ስትደርስ ድምጿ አልተለወጠም። «ይህ ባዩ ነው፤ አባቴ ነው። አለቱን ሰበረ። ከዚያ በፊት በጠላት ጊዜ ተገርፎ ገብሬን ጠቆመ። በጾም መጥቶ ተናዘዘ። ይህ ደግሞ ገብሬ ነው፤ ፎቶ ስላልነበረው ወንድሙ ተቀምጠውለታል» አለች።

 አያ ፈንታ በሩ አጠገብ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ ምን ይሉ ይሆን ብሎ ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸው በሰው መካከል አልፈው መጡና ፎቶዎቹ ፊት ቆሙ።

«አስተካክለሽ ጠራሽው» አሏት ይታይሽን። «አንድ ነገር ብቻ ጨምሪበት። ገብሬ ዘፋኝ ነበር። ሸማ ሲሠራ ይዘፍን ነበር።»

«እጨምራለሁ» አለች ይታይሽ።

ለሚቀጥለው ሰው ስትናገር ጨመረችው። አያ ፈንታ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ድረስ ሲያዳምጧት ዋሉ።

ባላምባራስ አዳነ ሰው ቀለል ሲል መጡ። ማንበብ ይችላሉ፤ ከጉድጓዱ ፎቶ ፊት ቆመው ጽሕፈቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ታንጉት ከጎናቸው ቆመች።

«ውሃውን የከለከለው ማን እንደሆነ አልጻፍሽም» አሉ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ።

«ይህ የቆፈሩት ሰዎች ፎቶ ነው፣ ባላምባራስ። የከለከሉት ሰው ፎቶ ሲመጣልኝ እሱም ይጻፋል።»

ባላምባራስ ኩታቸውን ሰብስበው ወጡ። ታንጉት የተቆጡ መስሏት ነበር፤ ቢቆጡም ግድ አልነበራትም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ግን፣ አሽከር ሳያስከትሉ፣ በሸማ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወደ ድር ሜዳ ወረዱ። ደብረ ታቦር የተነሳ የአባታቸው ፎቶ ነበር፤ በመስታወት የተከደነ።

ታንጉት ተቀብላ አየችው። ሽማግሌው ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን አኮሳትረዋል። «ከሥሩ ምን ይጻፍ?» አለች።

«ማዕረጉን ጻፊ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታደስ እንጨቱን የሰጠ እሱ ነው፤ ያንንም ጻፊ።» ባላምባራስ ወደ ጉድጓዱ አዩ፤ አንዲት ሴት እንስራዋን እየሞላች ነበር። «ምንጩንም ጻፊ።»

ታንጉት ወንበር አወጣችላቸው፤ ተቀመጡ። ከጉድጓዱ ውሃ በዋንጫ ቀድታ ሰጠቻቸው፤ ጠጡ።

ለሦስት ቀን ተብሎ የተሰቀለው ፎቶ እስከ ኅዳር ሚካኤል አልወረደም። ከአንዳቤትም ከስማዳም እየመጡ ያዩ ነበር፤ የላይ ሰፈርም የታችም ሰው አሮጌ ፎቶውን እያመጣ ስም አስጻፈ። ታንጉት ወረቀቷ አልቆባት ወደ ደብረ ታቦር ልትሄድ ስትነሳ ይታይሽ መንገድ ላይ አገኘቻትና ከጉድጓዱ ጥላ ለቤቷ የሚሆን አንድ ፎቶ እንድታወጣላት ጠየቀች።

«የአባትሽን መልክ ለብቻው ላውጣልሽ?» አለች ታንጉት። «አጉልቼ አወጣዋለሁ።»

ይታይሽ አሰበችበት።

«አይ» አለች። «ከነሰዎቹ ይሁንልኝ።»